መቀመጫዬ ተቀየረልኝ

ዛሬ እሑድ ጨንቻ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ መድረክ ላይ ቆሜ፣ በማይክ ስለ መቀመጫዬ ተናገርኩ።

አዎ። ስለ መቀመጫዬ።

በሁለት ቋንቋ!

ከእናንተ መካከል «ዛሬ ቀኔ ተበላሸ» ብሎ ሊያማርር ያሰበ ካለ ይችን አንብቦ ይጽናና። ስሞቹን ቀይሬያለሁ። የራሴን ግን ብቀይረውም ባልቀይረውም ያው ነው፤ ከዶርዜ እስከ ጨንቻ ገበያ ማን እንደሆንኩ የማያውቅ ሰው የቀረ አይመስለኝም።

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

የሰብል ባለሙያ ነኝ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ተወልጄ እዚያው አደግሁ። ሥራዬ እንሰት የሚያጠወልገውን በሽታ በየቀበሌው እየዞርኩ ማየት ነው። አንዱን ሳምንት ገረሴ፣ ሌላውን ሳምንት ጨንቻ። በሞተር።

ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ነው። ከእኔ በፊት ሦስት ባለሙያ ጋልቦታል፤ ሦስቱም ዛሬ ሲቀመጡ ጎናቸውን ይዘው ነው የሚቀመጡት። መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የሚባል ነገር የለም። ከላይ ቆዳ፣ ከሥር ብረት፣ መሃል ላይ እኔ።

ሞተር የማትነዱ ሰዎች አይገባችሁም። ገረሴ ደርሼ ስወርድ አርሶ አደሩ በርጩማ አውጥቶ «ቁጭ በል» ሲለኝ «ግድ የለም፣ ቆሜ ልየው» እላለሁ። ሰውየው ለሥራዬ ያለኝን ፍቅር አይቶ ይደነቃል። ፍቅር አይደለም ወንድሜ፣ መቀመጥ ስለማልችል ነው!

በደብዳቤ አመለከትኩ። «የሞተሩ መቀመጫ ስለተበላሸ እንዲቀየርልኝ» ብዬ። ንብረት ክፍል «ዕቃው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይቀየርልሃል» አለኝ።

ይኸው ዓመት!

አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ስዞር አንድ ማስታወቂያ አየሁ። በአየር የሚነፋ የሞተር መቀመጫ። ለረጅም ጉዞ። ኮምፎርት! ፎቶው ላይ አንድ ፈረንጅ ተራራ ለተራራ እየነዳ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። እኔ ሞተር ላይ ሆኜ ጥርሴ የሚታየው ስነክሰው ብቻ ነው።

«ይነፋል?» ብዬ ለሻጩ ጻፍኩለት።

«በጣም ይነፋል ብሮ!» አለኝ።

እኔ አየር ይይዛል ወይ ማለቴ ነበር። እሱ አሪፍ ነው ማለቱ ነበር። ለነገሩ ሁለታችንም ልክ ነበርን።

ዕቃው መጣ። ጥቁር ነው፣ ክብ ቢጤ፣ በአፍ የሚነፋ፣ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው። ቀዳዳው ነፋስ እንዲያስገባ ነው ይላል ማብራሪያው።

መሃሉ ላይ ቀዳዳ። እዚህ ጋ መጠርጠር ነበረብኝ፤ አልጠረጠርኩም።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ጨንቻ ስወጣ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አባያ ሐይቅን አየሁት! በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ ለካ ዞር ቢሉ ሐይቅ አለ። እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው ጉድጓዱን ብቻ ነው። ጉድጓድ መጣ ሲባል ከመቀመጫዬ ብድግ፣ አለፈ ሲባል ቁጭ፣ እንዲህ እያልኩ ስሰግድ ነበር የምደርሰው።

አንድ ችግር ግን ነበረው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ከፍታ ሲጨምር አየር እንደሚለጠጥ ራሱ ነው ያስተማረኝ። እኔ ደግሞ ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ ረሳሁት። አርባ ምንጭ ላይ ጢም አድርጌ ነፋሁት። ዶርዜ ስደርስ ከሥሬ እየተነሣ ነው። ጨንቻ ስገባ ድፎ ዳቦ አክሏል! እግሬ መሬት አልነካ ብሎኝ ሞተሩን ያቆምኩት አጥር ተደግፌ ነው።

አጥሩ ደግሞ የማን ነው? የምህረት ቤተሰቦች።

ምህረት እጮኛዬ ናት። ጨንቻ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በዚያ ሰሞን ግን ለሥልጠና አርባ ምንጭ ወርዳ ነበር። እኔ ለሥራ ወደ እሷ አገር ስወጣ፣ እሷ ለሥልጠና ወደ እኔ አገር! ቢሆንም ጨንቻ ደርሶ እነሱ ቤት ሳይገቡ መመለስ ነውር ነው፤ ስለዚህ እገባለሁ።

እናቷ እትዬ አማረች ይባላሉ። እጃቸው ባዶ ሰው አያስወጣም፣ አፋቸውም ባዶ ሰው አያስወጣም። አባቷ ጋሽ መና ሸማኔ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ። ጠዋት ሽመናቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲመሽ ይነሣሉ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ሦስት ቃል ይናገራሉ። ውሸት አይወዱም። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አንዲት ሴትዮ «ይሄ ጋቢ ሙሉ በሙሉ በእጅ የተፈተለ ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው «ግማሹ» አሏት። ትታቸው ሄደች። እሳቸውም ጋቢያቸውን አጥፈው ተመለሱ። ይሄን የነገረችኝ ምህረት ናት። እንድጠነቀቅ።

ሽማግሌ ልልክ ቀን ቆርጫለሁ፤ የፊታችን ቅዳሜ። ጋሽ መና ይሰማሉ ብቻ፤ እሺም አላሉም፣ እምቢም አላሉም። እኔ ያንን ዝምታ ስተረጉም ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እና ያን ቀን ዕቃዬ ውጭ እንዳይሰረቅብኝ ከሞተሩ ፈትቼ፣ የተነፋ ድፎ ዳቦዬን በብብቴ ይዤ ገባሁ።

እትዬ አማረች አዩት።

«ይሄ ምንድነች?» አሉኝ።

«የመቀመጫ ናት እትዬ።»

«መቀመጫህ ምን ሆነች?»

የእትዬ አማረች አማርኛ ዕቃን ሁሉ በሴት አንቀጽ ነው የሚጠራው። የእኔ ጋሞኛ ደግሞ «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ በእሳቸው የመሳቅ መብት የለኝም።

«ተበላሽቷል። ዓመት አለፈው» አልኳቸው።

«ዓመት?! ያማል?»

«ያማል ብቻ! ዳገት ላይማ እንባዬ ነው የሚመጣው።»

«ለሰው አሳየሃት?»

«አሳይቻለሁ። ይቀየር አሉኝ።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ትቀየራለች እንዴ?!»

«ይቀየራል። ዕቃው ግን እዚህ የለም፤ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።»

«ጌታ ሆይ!» አሉና ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀዳዳውን አዩት። ከዚያ እንደገና እኔን።

እኔ ምን መሰለኝ? የመሥሪያ ቤታችን ቢሮክራሲ ያሳዘናቸው!

እባካችሁ አሁን አትሳቁ። ገና ነው።

በቀጣዩ ጉብኝቴ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ገና ስገባ ወንበሩ ላይ የበግ አጎዛ ተደርቦ ተነጥፏል። ምሳ ሲቀርብ ለሌላው ሰው ሁሉ ዳጣ ቀረበ፤ ለእኔ የተልባ ውኃ። እኔ ደግሞ ዳጣ ካልለበለበኝ የበላሁ አይመስለኝም። እጄን ወደ ሳህኑ ስልክ እትዬ አማረች ቀስ ብለው ሳህኑን ከፊቴ አሸሹት።

«ላንተ ይቅርብህ ልጄ።»

እሺ አልኩ። አማች ሆኖ «ዳጣ አምጡ» አይባልም።

መንገድ ላይ የማላውቃቸው እናቶች ያስቆሙኛል። «ተሻለህ ልጄ?» ይሉኛል። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር «ተመስገን፣ እየቀለለኝ ነው» እላለሁ። አንዷ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ «ሞቅ ባለ ውኃ ጨው አድርገህ ተቀመጥበት» አለችኝ። ለጉንፋን መቼም አዲስ ሕክምና ነው ብዬ አለፍኩ።

ታዲያ እኔ ምን ብዬ ደመደምኩ? ተወድጃለሁ! አጎዛው፣ ተልባው፣ የመንገዱ ሰላምታ፣ ይሄ ሁሉ የአማች ክብር ነው። ማታ አርባ ምንጭ ወርጄ ለምህረት ጉራዬን ነፋሁባት። «ቤተሰቦችሽ እኮ በእንቁላል ነው የሚይዙኝ» አልኳት። እሷም ደስ አላት። እሷም አልሰማችም ነበርና።

እትዬ አማረች ነገሩን ከገዛ ልጃቸው ደብቀውታል። የወንድ ልጅ ገመና ለእጮኛው አይነገርም ብለው።

ለእናቶች ኅብረት የቴሌግራም ግሩፕ ግን ልከውታል። የጸሎት ርዕስ ብለው። በስሜ!

ይሄን ሁሉ ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከንብረት ክፍል ተደወለልኝ። ዕቃው መጥቷል! በዚያው ቀን መካኒኩ የሞተሩን መቀመጫ ገጠመልኝ። ላስቲኩ ገና አልተላጠም። ስቀመጥበት እንዴት እንደሰመጥኩ! ዕለቱን ለእትዬ አማረች ደወልኩ፤ ሌላ የምደውልለት ሰው የጠፋ ይመስል።

«እትዬ! መቀመጫዬ ተቀየረልኝ!»

«ምን አልክ?»

«ተቀየረልኝ! ዛሬ! አዲስ ነው እኮ፤ አሁን ምንም አያመኝም!»

እልልታቸው ስልኩን ሊሰነጥቀው ነበር። ከዚያ አለቀሱ። እኔም ከወዲያ ማዶ ሆኜ «ለሞተር መቀመጫ እልል የሚል ቤተሰብ የት ይገኛል?» እያልኩ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«እሑድ ቤተ ክርስቲያን ና» አሉኝ። «እንዳትቀር ልጄ። ሰው ሁሉ ሊያይህ ይፈልጋል።»

ሰው ሁሉ ሊያየኝ ይፈልጋል! በቃ፣ ገባኝ። ቅዳሜ ሽማግሌ ከመግባቱ በፊት ለጉባኤው ሊያስተዋውቁኝ ነው። ጋሽ መና እሺ ብለዋል!

ሱፌን አስተኮስኩ። ከረባት ተዋስኩ።

ዛሬ ጠዋት ሞተሬ ላይ ተደላድዬ ወጣሁ። የአየር ትራሱን አስተንፍሼ፣ አጥፌ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ጨንቻ ጉም ለብሳለች። ምህረት ሥልጠናዋን ጨርሳ ተመልሳ መዘምራን መሃል ቆማለች። ጋሽ መና ከፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል፤ እንደ ልማዳቸው ወንበሩ ጫፍ ላይ ናቸው። ሲቀመጡ ሁልጊዜ ሊነሡ የተዘጋጁ ነው የሚመስሉት። ትሕትና ነው እላለሁ እኔ።

መዝሙር አለቀ። ወንጌላዊው ማይኩን ያዙ። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ መምህር ታደሰ የሚባል የጂኦግራፊ አስተማሪ አጠገባቸው ቆሞ በጋሞኛ ይተረጉማል።

«ወንድም ዮናታን ወደ ፊት ይምጣልን» አሉ።

ከረባቴን አስተካከልኩ። ወጣሁ። ፈገግታዬ የዚያ የፎቶው ፈረንጅ ዓይነት ነበር።

ወንጌላዊው ትከሻዬን አቅፈው እንዲህ አሉ፦ «ይህ ወንድማችን አንድ ዓመት ሙሉ በኪንታሮት ሲሠቃይ ኖሯል።»

ምን?

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

መምህር ታደሰ ተረጎመ። በጋሞኛው ረዘም አለ። በእጁም አሳየ!

«ሐኪሞች ይቀየር ብለውት ነበር» አሉ ወንጌላዊው። «እናቶቻችን ጸለዩ። ሽማግሌያችን አቶ መና ሦስት ቀን እህል ሳይቀምሱ ጾሙለት። ሐሙስ ዕለት ጌታ አዲስ አድርጎ ቀየረለት!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ወገኖቼ፣ አጎዛው ገባኝ። ዳጣው ገባኝ። የጨው ውኃው ገባኝ። ሁሉም አንድ ላይ በአንድ ሰከንድ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ የመድረኩ ወለል ግን ሲሚንቶ ነው።

ምህረትን አየኋት። አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከሩቅ አይለይም።

ማይኩ እጄ ገባ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «ጌታ ይመስገን» ብሎ መውረድ ነው አይደል? ማን ይጎዳል? እውነቱን ከተናገርኩ እትዬ አማረችን በጠቅላላው ጉባኤ ፊት ማዋረዴ ነው። ሦስት ቀን የጾሙትን ሰውዬ የጾሙት ለሞተር ስፖንጅ ነው ልላቸው ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሽማግሌዎቼ እዚያው ቤት ሊቆሙ ነው!

«ጌታ ይመስገን» አልኩ።

እልልታ!

«እውነት ነው፣ አሁን አያመኝም።»

እስከዚህ ድረስ አልዋሸሁም። ላብ ግን አጥምቆኛል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብል ደረጃው ነው፤ ወርጄ ቁጭ ብል ያልቃል።

ያን ጊዜ ዓይኔ ጋሽ መና ላይ ወደቀ።

ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እሳቸው ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም። ወደ ፊት ዘንበል ብለው፣ ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተክለው፣ አንድ ነገር የሚጠይቁኝ ይመስላሉ። «እውነት ነው?» ነው የሚሉኝ። እንደ አማት አይደለም። እንደ ቸገረው ሰው ነው የሚያዩኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ብቻ እነዚያን ዓይኖች እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም፤ ጨዋ ስለሆንኩ አይምሰላችሁ፣ አቃተኝ።

«ይቅርታ» አልኩ። «እኔ ኪንታሮት ኖሮብኝ አያውቅም።»

መምህር ታደሰ ዞር ብሎ አየኝ። «ምን ብዬ ልተርጉም?» አለኝ በሹክሹክታ። ማይኩ ግን ክፍት ነበር።

«እንዳለ ተርጉመው።»

«ታዲያ የተቀየረው ምንድነው?»

«የሞተሩ መቀመጫ ነው።»

ጂኦግራፊ አስተማሪው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ተርጉሞ አያውቅም። አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። ተረጎመ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሕፃን ሳቀ። ከዚያ እናቱ። ከዚያ መዘምራኑ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ! ወንጌላዊው ራሳቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ከረባቴን እያሻሸሁ እዚያው ቆሜያለሁ።

እትዬ አማረች ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናነቡ። ክፉ ያላሰቡ ሴት ናቸው። ዳጣውን ያሸሹብኝ እንዳያቃጥለኝ ብለው ነው።

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ቅዳሜም ቀረ፣ ምህረትም ቀረች።

ጋሽ መና ተነሡ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሰውየው ተነሥተው የሚናገሩት በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። በጋሞኛ ነው የተናገሩት፤ ስለዚህ መምህር ታደሰ አሁን ለእኔ ወደ አማርኛ ይመልስልኝ ጀመር። ማይኩ አሁንም ክፍት ነው።

«ልጁ አልታመመም» አሉ። «የታመምኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ አማረች ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ተቀምጦ ነው። ደም አየሁ፣ አልተናገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኩም። ሽማግሌ ነኝ፤ በዚህ መድረክ ስለ ሰው ሁሉ በሽታ ስንጸልይ እኔ የራሴን ስሙን መጥራት አፈርኩ።»

መምህር ታደሰ ድምፁ እየቀነሰ መጣ።

«የዚህ ልጅ ስም ለጸሎት ሲመጣ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በእሱ መታመም ደስ አለኝ። ሦስት ቀን ስጾም በእሱ ስም ለራሴ ነበር የምለምነው። ሐሙስ ዳነ ሲሉኝ እኔ ግን አልዳንኩም። ‹ለልጁ ሰጥተህ እኔን ዘለልከኝ› ብዬ ከጌታ ጋር ተጣላሁ። ለካ ልጁ የሞተር ወንበር ነው የተሰጠው።»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ራሳቸው ጋሽ መና ፈገግ አሉ። ከዚያ ሁላችንም።

እትዬ አማረች ግን ብድግ ብለው በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ እንዲህ አሉ፦ «አሥራ አንድ ዓመት ዳጣ ስትበላ ነበር! እኔ በእጄ እየፈጨሁ!»

አለቀሱ። ምህረት ከመዘምራኑ መሃል ወጥታ አቀፈቻቸው። እኔም መድረኩ ላይ አለቀስኩ፤ በማይክ። እኔ የሌለብኝን በሽታ ሲያወሩብኝ መሬት ትዋጠኝ ብዬ ነበር። ሰውየው ያለባቸውን በሽታ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እኔ ብቻዬን እንዳይሳቅብኝ ብለው ተናገሩ። ሱፌ፣ ከረባቴ፣ ሁሉም አሳፈረኝ።

ከአምልኮ በኋላ ቤት ሄድን። ሰው ግቢውን ሞላው፤ ሦስት አዛውንት ጋሽ መናን ወደ ጓሮ ጠርተው በሹክሹክታ ሲያወሯቸው አየሁ። ሦስቱም ሸማኔዎች ናቸው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ምህረት እናቷን «በስሙ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል እንዴ?» ብላ ልትቆጣ ስትል እትዬ አማረች አላስጨረሷትም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ። «ደግሞስ ተሳሳትኩ? በሽታው ቤት ውስጥ ነበር፤ ሰውየውን ነው የሳትኩት።»

ጋሽ መና ክንዴን ይዘው ወደ ሽመናቸው ወሰዱኝ። ዙሪያቸውን አይተው «ያ ነገር አለ?» አሉኝ።

ከሞተሩ ሳጥን አወጣሁት። ነፋሁት። ትንሽ ብቻ፤ ከፍታውን ተምሬያለሁ። ሽመናቸው ጫፍ ላይ፣ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ አኖርኩት። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ፣ እስከዛሬ ሳያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ትሕትና ነው ስለው የኖርኩት ሕመም ነበር።

«ይነፋል?» አልኳቸው፣ አምልጦኝ።

«አየር አለው» አሉኝ። አሁንም ከእውነት ዝንፍ የለም።

ነገ ጠዋት ተመልሼ ወጥቼ ሐኪም ዘንድ አርባ ምንጭ ይዣቸው እወርዳለሁ። በሞተር፣ ከኋላዬ፣ በትራሱ ላይ። ቁልቁል ስንወርድ አየሩ ስለሚሟሽሽ ዶርዜ ላይ ቆመን እነፋዋለሁ። አባቴ ቢኖር ኖሮ በፊዚክስ ይኮራ ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድለጥፈውም ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ማይክ ላይ የተባለ ነገር ምን ይደበቃል?» ብለውኛል።

ልሄድ ስነሣ በር ድረስ ሸኙኝ።

«ቅዳሜ ሽማግሌዎችህ ይምጡ» አሉኝ።

ልቤ ዘለለች! እሺ ማለታቸው ነው እኮ!

«አንድ ነገር ንገራቸው» አሉ። «ስለ መቀመጫ አንድም ቃል እንዳያነሡ።»

በደስታ ቁልቁለቱን ስበር መጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያስታወስኩት።

የሽማግሌ ወግ ምንድነው? ቤት ይገባሉ። «ተቀመጡ» ይባላሉ። እነሱም ተደርድረው ቆመው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» ይላሉ።

እዚያ ቤት! እትዬ አማረች ፊት!

እስቲ ንገሩኝ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ድምፅ «አንቀመጥም» ሲሉ ቅዳሜ ማታ እናቶች ግሩፕ ላይ የሚወጣው የጸሎት ርዕስ ምን ሊሆን ነው?